መድኃኒቱ በር ላይ እንዳይቀር፦ ስለ ታራሚዎች ሕክምና ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን የድሬ ልጆች በስልክ እየተቀባበሉት ያለ አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔም ደረሰኝ። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። መንግሥት ለታራሚ ሕክምና ገንዘብ ማውጣቱ ሕግ አክባሪውን ድሃ መበደል ነው። ታራሚ ቤተሰብ አለው፣ ቤተሰቡ ያሳክመው። ሆስፒታል መመላለሱ የማምለጫ ሰበብ ነው። የማረሚያ ቤት በሽታ እዚያው የማረሚያ ቤት ጉዳይ ነው። ከተፈታ በኋላ ደግሞ እንደማንኛውም ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ። መጨረሻ ላይ የወንጀል ተጎጂዎችን ያነሱና ከእነሱ በፊት ታራሚ ሊታከም አይገባም ይላሉ።

በክፋት የተጻፈ አይመስለኝም። ብዙ ሰው በሆዱ የያዘውን ነው ያወጡት። ባጃጅ ውስጥም ቡና ላይም የሚባል ነገር ነው። ዝም ብዬ ማለፍ ያልፈለግኩት ለዚህ ነው። እኔ ነርስ ነኝ። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የቲቢ ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። ከማረሚያ ቤት የወጡ ሰዎች በምን ሁኔታ እንደሚመጡ አውቃለሁ።

ከፍትሑ ልጀምር። ሠርታ የምታድር እናት ለልጇ መድኃኒት መግዣ አጥታ ስትንከራተት፣ ሰው የዘረፈው በነፃ ይታከማል ይላሉ ጸሐፊው። የእናትየዋ ችግር እውነት ነው። መድኃኒት ቤት ዋጋ ሰምታ፣ ማዘዣውን አጣጥፋ ባዶ እጇን የተመለሰች እናት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ግን እሷ መበደር ትችላለች። ዕድር አላት፣ ጎረቤት አላት፣ ዋጋው የሚሻል ሌላ መድኃኒት ቤት መፈለግ ትችላለች። የታሰረ ሰው ማታ ትኩሳት ሲነሳበት ፓራሲታሞል እንኳ ወጥቶ መግዛት አይችልም። ቁልፉ ያለው መንግሥት እጅ ነው። ሰው ቆልፎ የያዘ አካል፣ ያ ሰው ሲታመም «ራስህን ቻል» ሊለው አይችልም።

ዳኛ ሲፈርድ የሚቆጥረው ዓመት ነው። ስድስት ዓመት የፈረደ ዳኛ «በዚያ ላይ ስኳሩን ያለ ኢንሱሊን ይቻለው» አላለም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 21 የታሰሩ ሰዎች ሰብዓዊ ክብራቸውን በሚጠብቅ ሁኔታ የመያዝ መብት እንዳላቸው ይናገራል። እዚያው ላይ እነማን ሊጎበኟቸው እንደሚችሉ ሲዘረዝር ከዘመድ፣ ከጓደኛ፣ ከሃይማኖት አባትና ከጠበቃ ጋር ሐኪምንም ይጠቅሳል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀ ሕግ ነው፤ ትናንት ከውጭ የመጣ ሐሳብ አይደለም።

ደግሞ እኮ የታሰረው ሁሉ የተፈረደበት አይደለም። ቀጠሮ እየጠበቀ ያለ አለ። አንቀጽ 20 ይህን ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ አይቆጥረውም። ነገ ፍርድ ቤት ነፃ ነህ ሊለው ይችላል። እስከዚያ ሳንባው ቢጎዳ ማን ይመልስለታል?

ስለ ገንዘቡ ሲጽፉ ታራሚ በድሎት የሚታከም አስመስለውታል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ስለ 2016 ባወጣው የኢትዮጵያ የሰብዓዊ መብት ሪፖርት፣ ለአንድ እስረኛ በቀን የሚመደበው 9 ብር ገደማ እንደነበር ጽፏል። ለምግብ፣ ለውሃና ለሕክምና በአንድ ላይ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ብሩም የገበያው ዋጋም ተለውጧል። ግን ከእንዲህ ያለ በጀት ድሎት አይወጣም። በዚያ ላይ የቲቢና የኤች አይ ቪ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋም ለሁሉም ሰው በነፃ ነው የሚሰጠው። የኤች አይ ቪው ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ነፃ ነው። ያቺ እናት ቲቢ ቢይዛት እሷም አትከፍልም። እዚህ ላይ ታራሚው ከእሷ የነጠቀው ነገር የለም።

ሁለተኛው ነጥባቸው ቤተሰብ ነው። እንጀራውን ያደረሰ ክኒኑንም ያድርስ ይላሉ። በዚህ ሙቀት ስንቅ ይዘው ተራ የሚጠብቁ እናቶችንና ሚስቶችን አከብራለሁ። ብዙ ሰው በሕይወት ያለው በእነሱ ነው። ግን ድሬም ሆነ ሐረር የታሰረ ሁሉ የአካባቢው ልጅ አይደለም። ከጭሮ፣ ከሂርና፣ ከጅጅጋ ወይም ከዚያም ርቆ የመጣ ይኖራል። በጅቡቲ መስመር ላይ የተያዘ ሹፌር ወይም መንገደኛ ዘመዱን እዚህ ከየት ያምጣ? ጠያቂ የሌለው ሰው አይታከም ነው ወይ የምንለው?

ጠያቂ ላለውም ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም። ኢንሱሊን ቅዝቃዜ ይፈልጋል። በድሬ ፀሐይ በፌስታል ይዞት በር ላይ ሲጠብቅ የዋለ ሰው፣ ተበላሽቶ እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ ነው የሚያስገባው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ፌኖባርቢታል የሚባለው መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥበት በላይ በላዩ ሊጥለው ይችላል፤ ሊሞትም ይችላል። የምታመጣለት እህቱ ናት እንበል። በዚህ ሳምንት እሷ ብትታመምስ? ፈታሹንም አስቡት። ስሙን የማያውቀው ክኒን በፌስታል ሲመጣለት ምን ያድርግ? ቢመልሰው አልፈርድበትም። መድኃኒቱ በክሊኒኩ በኩል፣ በስሙ ተመዝግቦ፣ በሰዓቱ ቢሰጥ እህትየዋም ፈታሹም ያርፋሉ።

ታራሚ ያልታመመውን ታመምኩ ይላል ለሚለው ብዙ አልጽፍም። የሚል ይኖራል። ሥራ ቦታም፣ ትምህርት ቤትም ያልታመመውን ታመምኩ የሚል አለ። እውነት መታመሙን የሚለየው መርማሪው የጤና ባለሙያ ነው እንጂ የበር ጠባቂው አይደለም። ጥበቃ ያሳሰበው ሰው ደግሞ ጥሩ መፍትሔ አለው፤ ግቢው ውስጥ ያለው ክሊኒክ ይጠንክር። ደም፣ ስኳር፣ አክታ እዚያው መመርመር ከተቻለ፣ ጤና መኮንንም በቋሚነት ካለ፣ ሆስፒታል የሚላከው ሰው ቁጥር ይቀንሳል። አጃቢ ጠፍቶ የሚያልፍ የሐኪም ቀጠሮም አብሮ ይቀንሳል።

የማረሚያ ቤት በሽታ እዚያው ይቀራል የሚለው ግን በጣም አስደንግጦኛል። እንዲህ ብሎ የሚያምን ሰው ልጆቹን ለአደጋ እያጋለጠ እንደሆነ አላወቀም።

ቲቢ የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። መድኃኒት ያልጀመረ የሳንባ ቲቢ ታማሚ በአንድ ዓመት ውስጥ በቅርብ ከሚያገኛቸው ሰዎች ከ5 እስከ 15 የሚሆኑትን ሊበክል እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ሰው ተጠጋግቶ በሚተኛበት፣ አየር እንደ ልብ በማይገባበት ክፍል ምን እንደሚሆን መገመት ይቻላል። በዓለም ደረጃ ሲታይ የታሰሩ ሰዎች በቲቢ የሚታመሙበት መጠን ከሌላው ሕዝብ 10 እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ ይኸው ድርጅት ይናገራል። ታዲያ ጠባቂው ማታ የት ነው የሚያድረው? ሳቢያን ወይም ገንደ ቆሬ፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ነው። ጠያቂው ከሰዓት በኋላ ወደ መጋላ ይመለሳል። ቀጠሮ ያለው እስረኛ ፍርድ ቤት ደርሶ ይመጣል። የተፈታው ደግሞ ሚኒባስ ተሳፍሮ አገሩ ይገባል።

የትንኙም ነገር ያው ነው። እኛ ድሬዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ትንኝ የምታስተላልፈው የደንጌ ትኩሳት መጥቶብናል። በ2011 ክረምት ሌላው የትንኝ በሽታ ቺኩንጉንያ ከተማውን ሲያዳርስ፣ መገጣጠሚያውን ይዞ ያላቃሰተ ሰው ያልነበረበት ቤት ማግኘት ይከብድ ነበር። በ2014 ደግሞ አኖፊሊስ ስቴፈንሲ የምትባለው አዲሷ የወባ ትንኝ ወረርሽኝ አስነሳች። ከተጎዱት ቦታዎች አንዱ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ነበር። ይህች ትንኝ ረግረግ አያስፈልጋትም። በበርሜልና በታንከር በተጠራቀመ ውሃ ትራባለች። ውሃ ተጠራቅሞ የሚቀመጥበትና ብዙ ሰው ተሰብስቦ የሚያድርበት ግቢ ሁሉ ይመቻታል። የተማሪዎች መኝታ ከነካች የታራሚዎችን መኝታ የምትተውበት ምክንያት የለም። ከዚያ ተነስታ ጎረቤት ለመድረስም አጥር አያግዳትም።

መንግሥት ራሱ ይህን ያውቃል። በመጋቢት 2012 ኮሮና አገር ውስጥ እንደገባ ከ4,000 በላይ ታራሚዎችን በይቅርታ የለቀቀው፣ በተጨናነቀ ቦታ በሽታው ቢነሳ እዚያው እንደማይቆም ስለገባው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ከተፈታ በኋላ እንደማንኛውም ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ የሚለውን ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈውታል። እኔ ትልቁን ጉዳት ያየሁት እዚህ ጋ ነው። ውስጥ እያለ መድኃኒት ይወስድ የነበረ ሰው፣ በተፈታበት ቀን ከሕክምናው ይቆረጣል።

አመክሮም ሆነ ይቅርታ ብዙ ጊዜ ድንገት ነው የሚመጣው። ስም ይጠራል፣ ዕቃህን ሰብስብ ይባላል። ሰውየው በደስታ ሰክሮ ይወጣል። በዚያች ሰዓት ማን ክኒን ያስታውሳል? ክሊኒኩ ያለችው ነርስ መፈታቱን የምትሰማው በማግስቱ ሊሆን ይችላል። በመፈቻ ወረቀቱ ላይ የገባበትና የወጣበት ቀን አለ። ምን መድኃኒት ስንት ወር እንደወሰደ ግን የሚናገር ወረቀት በእጁ ይዞ የመጣ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም።

አንድ ሰው አልረሳም። ከሌላ ከተማ ተፈቶ ድሬ እህቱ ቤት ያረፈ ነው። ሳሉ ሲበረታበት ይዛው መጣች። ቲቢ ጀምሬ ነበር አለን። ስንት ወር ወሰድክ? በትክክል አያውቅም። ምን ዓይነት ክኒን? «ሽንት የሚያቀላው» አለ። ሪፋምፒሲን የሚባለው የቲቢ መድኃኒት ሽንትን ስለሚያቀላ እሱ መሆኑን ገመትን። ከተፈታ ጀምሮ መድኃኒት አልነካም። ሲታከምበት ወደነበረው ቦታ ደወልን፤ የሚያነሳ አጣን። እንደገና አክታ ሰጠ። ባክቴሪያው ሪፋምፒሲንን ተላምዶ እንደሆነ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው መሣሪያ ተመረመረ። እስከዚያ ድረስ የሚያድረው ከእህቱ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነበር። ስለዚህ ልጆቹም መጡ፣ እነሱም ተመረመሩ። እህትየዋ የቀን ሥራዋን ትታ ስትመላለስ ከረመች። ይህ ሁሉ ግማሽ ገጽ በማትሞላ ወረቀትና በጥቂት ሳምንት ክኒን የሚቀር ነበር።

መደበኛው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት፣ በቀሪዎቹ 4 ወራት ሁለት ዓይነት ይወሰዳል። አስቸጋሪው ነገር ሰውየው ብዙ ሳይቆይ ይሻለዋል፤ ሳሉ ይቆማል፣ ምግብ ይበላለታል። ተሽሎኛል ብሎ ሲያቋርጥ ያልሞተው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል። የተላመደው ዓይነት ሕክምናው ከባድ ነው፣ ውድም ነው። ወደ ሰው ሲተላለፍ ደግሞ ያው የተላመደው ነው የሚተላለፈው። ኤች አይ ቪም ላይ ተመሳሳይ ነው። መድኃኒቱን ሳያዛባ የሚወስድ ሰው ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይወርዳል፤ እዚያ ደረጃ ላይ ሆኖ ከቆየ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ሲያቋርጥ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ተፈቶ ወደ ሚስቱ የሚገባውን ሰው ያለ ክኒን መሸኘት እሷንም መጉዳት ነው።

በሌላው ዓለምም ከእስር ከተፈቱ በኋላ ያሉት ቀናት አደገኛ እንደሆኑ ታይቷል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ከእስር በወጡ 30,237 ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት አለ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የመሞት ዕድላቸው ከሌላው የግዛቱ ነዋሪ በ12.7 እጥፍ ይበልጥ ነበር። እዚያ ዋናው ገዳይ ከመጠን ያለፈ አደንዛዥ ዕፅ ነው። የእኛ ችግር ከዚያ ይለያል፤ ቁጥሩን ወስጄ ድሬ ላይ አልለጥፍም። ግን ሁለተኛው የሞት ምክንያት የልብና የደም ሥር በሽታ መሆኑን ልብ በሉ። የደም ግፊት እዚህም አለ፣ መድኃኒቱም እዚህ ይቋረጣል።

ጸሐፊው እንዲህ ያለውን ነገር የሀብታም አገር ወሬ ይሉት ይሆናል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ያጸደቃቸው፣ ስለ እስረኞች አያያዝ የሚደነግጉት የኔልሰን ማንዴላ ሕጎች ለሀብታም አገር ብቻ የተጻፉ አይደሉም። ሕግ 24 የእስረኛ ጤና የመንግሥት ኃላፊነት ነው ይላል። የሚያገኘው ሕክምና ውጭ ካለው ሰው እኩል እንዲሆን፣ ነፃም እንዲሆን ይጠይቃል። ከዚያ ቲቢንና ኤች አይ ቪን በስም ጠርቶ፣ የእስር ቤት ሕክምና ከአጠቃላዩ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ጋር ተቀራርቦ እንዲደራጅና እንዳይቋረጥ ያሳስባል። ስሙን የሰጡት ሰውዬ 27 ዓመት ታስረዋል፤ እስር ላይ እያሉ ቲቢ ይዟቸው ታክመዋል። እንግሊዝም እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት የእስር ቤት ሕክምናን ከእስር ቤት አስተዳደር አውጥታ ለብሔራዊ ጤና አገልግሎቷ ሰጥታለች። ሰውየው ሲገባም ሲወጣም የሚያየው ያው አንድ የጤና ሥርዓት እንዲሆን የሚያደርግ ነገር ነው።

«እንደማንኛውም ሰው» የሚለውን ደግሞ ቀርበን እንየው። የተፈታው ሰው የቀበሌ መታወቂያው ጊዜው አልፎበታል። ለማሳደስ አድራሻ ይጠየቃል። ቤተሰቡ ተበትኖ ሊሆን ይችላል፣ ወይም አናስገባህም ብሎታል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የሚመዘግበው በቤተሰብ ነው፣ ያውም በዓመቱ በተወሰነ ወቅት። ቤተሰቡ ሲመዘገብ እሱ ስላልነበረ ስሙ የለም። መንግሥት የሚከፍልላቸው የደሃ ደሃዎች አሉ፤ ዝርዝራቸው የሚመጣው ግን ከቀበሌ ነው። ቀበሌው ይህን ሰው ለዓመታት አላየውም። ማን ብሎ ይመዝግበው? በዚህ ላይ ሃፍረቱ አለ። ካርድ ክፍል ቆሞ «እስከ ዛሬ የት ነበር የምትታከመው?» ሲባል መልሱን የሚውጥ ሰው ብዙ ነው። አንዳንዱ ጥያቄውን ፈርቶ ጭራሽ አይመጣም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህንን ነው። መድኃኒት ላይ ያለ ሰው የሚፈታበት ቀን ሲታወቅ ክሊኒኩ አብሮ ይወቅ። ድንገት ቢሆንም ከበር ከመውጣቱ በፊት ክሊኒኩ ጋ ይለፍ። የአንድ ወር መድኃኒት ይያዝ። የበሽታው ስም፣ የመድኃኒቱ ዓይነትና የጀመረበት ቀን ያለበት ወረቀት ይሰጠው። ለቲቢ ታማሚ የዝውውር ቅጽ ድሮም አለ፤ እኛ ከጤና ጣቢያ ወደ ጤና ጣቢያ ስናዛውር እንሞላዋለን። አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። የሚሄድበት ከተማ ላለው ጤና ጣቢያ ስልክ ይደወል። በመፈቻ ወረቀቱ ብቻ፣ የምዝገባው ወቅት እስኪመጣ ሳይጠብቅ፣ የጤና መድህን ውስጥ መግባት ይፈቀድለት። ሲታሰርም ልክ እንዲሁ በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመርመር፤ ምን ይዞ እንደገባ ያልታወቀ ሰው ምን ይዞ እንደወጣ አይታወቅም። የእነዚህ ወጪ የወረቀት፣ የስልክና የክኒን ነው። ክኒኑም ውስጥ ቢቆይ የሚሰጠው የነበረ ክኒን ነው።

የመጨረሻው ነጥባቸው ተጎጂዎች ናቸው። ከጽሑፉ ሁሉ ልቤን የነካው ይህ ክፍል ነው። የተደበደበች፣ የተደፈረች፣ ልጇን ያጣች ሴት ራሷ እየከፈለች ስትታከም ያደረሰባት ሰው በነፃ መታከሙን ብትሰማ እንደምታዝን አልጠራጠርም። የሚያጽናናት ነገር አለኝ ብዬም አልዋሻትም። ግን እሱ ክኒኑን ቢከለከል ክኒኑ ለእሷ አይደርሳትም። እሱ የሳለበት ክፍል ውስጥ ግን የሚተኙ ሌሎች አሉ። አንድ ቀን ደግሞ ይፈታል፤ ምናልባት እሷው ሰፈር ይመለሳል፣ እሷ የምትሳፈርበት ሚኒባስ ይሳፈራል። ታክሞ ቢመለስ ለእሷም ይሻላታል። ለእሷ ሕክምና ደግሞ የሚገባው ራሱን የቻለ በጀት ነው፤ ከምርመራ እስከ ስነ ልቦና ድጋፍ፣ አንድ ብር ሳትከፍል። ጸሐፊው ይህን ይዘው ለጤና ቢሮ አቤቱታ ቢያዘጋጁ ከሥሩ እፈርማለሁ፤ የምሠራበት ጤና ጣቢያ ያሉ ባልደረቦቼንም አስፈርማለሁ።